ከቁርስ እስከ ምሳ የሚያቆይ መክሰስ፦ ከወሎ ገበያ ፕሮቲን ያለውን መርጦ ለሥራ ቀን ማዘጋጀት

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሻይ በዳቦ ቀምሶ የወጣ ሰው 4 ሰዓት ሳይሞላ ሆዱ ይጮኽበታል። በዚያ ሰዓት ቅርብ የሚገኘው ቦምቦሊኖ ወይም ፓስቲ ነው። በስኳር ሻይ ይወርዳል፣ ለጥቂት ጊዜ ያነቃል፣ ምሳ ሳይደርስ ረሃቡ ድካም ጨምሮ ይመለሳል። አንድ ቦምቦሊኖ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 4 ግራም ገደማ ነው፤ የቀረው ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር ነው።

ለጤነኛ አዋቂ ሰው የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ያህል ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 48 ግራም ይፈልጋል ማለት ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከዚህ በላይ ያስፈልጋቸዋል። ከመክሰስ በአንድ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ግራም ከተገኘ ምሳ እስኪደርስ ያቆያል፣ የቀኑንም ድርሻ በደንብ ያግዛል። ይህን ለማግኘት ከውጭ የመጣ ፕሮቲን ባር መፈለግ አያስፈልግም። የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐይቅ ወይም የወልድያ ገበያ ላይ ያለው ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ለውዝና እንቁላል ይበቃል። ችግሩ ያለው አመራረጡና አዘገጃጀቱ ላይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቆሎው ላይ።

ገብሱን አሳንሱ፣ ሽምብራውን አብዙ

መንገድ ላይ በስኒ ተለክቶ የሚሸጠው ቆሎ አብዛኛው ገብስ ነው። ገብስ ጥሩ እህል ነው፣ ግን ከ100 ግራሙ ፕሮቲኑ 11 ግራም አካባቢ ነው። ሽምብራ 20፣ ለውዝ 25፣ ባቄላ 26 ግራም ገደማ ይይዛሉ። ስለዚህ አንድ እፍኝ ቆሎ በልቶ ጠግቦ መዋል ወይም አለመዋል የሚወሰነው በቅልቅሉ ነው። ገብሱን ጨርሶ ማውጣት ግን አይገባም። ጥራጥሬ የሚጎድለውን ገብስና ስንዴ ይሞላሉ፣ እህል የሚጎድለውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ደግሞ ጥራጥሬው ይሞላል። እናቶቻችን ሁለቱን አንድ ሰፌድ ላይ ማዋላቸው ትክክል ነበር፤ መስተካከል ያለበት መጠኑ ብቻ ነው።

ስድስት ቀን ለሚሠራ አንድ ሰው፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለመያዝ፣ የሚከተለው ይበቃል፦ ሽምብራ 300 ግራም፣ የተፈተገ ገብስ 150 ግራም፣ ለውዝ 100 ግራም፣ የተፈለፈለ ሱፍ 50 ግራም። ጠቅላላው 600 ግራም ነው፤ በ50 ግራም ሲከፈል 12 መያዣ ይወጣዋል። አንዱ መያዣ 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ያው 50 ግራም ገብስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከ5 እስከ 6 ግራም ነበር። ሚዛን ቤት ውስጥ ከሌለ ባለሱቁ አንድ ጊዜ 50 ግራም እንዲመዝንላችሁ ጠይቁና በምትይዙት ዕቃ ላይ የደረሰበትን ምልክት አድርጉ።

ሽምብራው ሁለት ዓይነት ነው። ትንሹና ቡናማው ዴሲ ይባላል፤ ስሙ ከደሴ ከተማ ጋር አይገናኝም፣ ከሕንድ የመጣ ቃል ነው። ትልቁና ነጣ ያለው ካቡሊ ነው። ለቆሎ ትንሹ ይሻላል፤ እሳቱ ቶሎ መሃሉ ድረስ ይገባል። ሲገዙ ጥቂት ፍሬ መዳፍ ላይ አድርጎ ማየት ይገባል። ደቃቅ ክብ ቀዳዳ ካለበት ነቀዝ ገብቶታል፤ ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነም ተዉት።

መቁላቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ልቀሙት፤ በቆሎ ውስጥ ያለ አንዲት ጠጠር ጥርስ ትሰብራለች። ገብሱንም በጥንቃቄ ልቀሙ፤ እንክርዳድ ከቀረበት ራስ ያዞራል። ከዚያ ሽምብራውን ሳህን ውስጥ አድርጉና ሊፈላ የደረሰ ውኃ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር አፍስሱበት፤ ውኃው ፍሬውን ለጥቂት ይሸፍን። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይታችሁ አጥልሉት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። የምናሳድረው ቅርፊቱ የጠጣው እርጥበት ቀስ ብሎ ወደ መሃል እንዲገባ ነው። በማግስቱ ምጣዱ ላይ ሲወርድ ውስጡ ያለው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ፍሬውን ያላላዋል፤ ሲበላ ኮሽ ብሎ ይፈርሳል። ይህ ደረጃ የተዘለለበት ሽምብራ ድንጋይ ይሆናል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ውስጥ የተኛ ሽምብራ ለንፍሮ እንጂ ለቆሎ አይሆንም። ላዩ ሲያር ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ቆዳ ይጠነክራል፣ ከሁለት ቀን በኋላም ይሻግታል።

ብረት ምጣዱን በመካከለኛ እሳት አሙቁ። ፍሬ ሲጣልበት ወዲያው ካላረረና ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ መንጣጣት ከጀመረ ሙቀቱ ልክ ነው። ምጣዱን አትሙሉት፤ ፍሬው ተደራርቦ ሳይሆን አንድ ረድፍ ሆኖ ይዘርጋ። 300 ግራሙን ሁለት ጊዜ ከፍሎ መቁላት ይሻላል። ሳታቋርጡ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ አማስሉ። ቅርፊቱ ሲሰነጠቅና መንጣጣቱ ሲበርድ አንድ ፍሬ አውጡ፣ አቀዝቅዙና ንከሱ። ትኩስ ሳለ የሚፈተን ቆሎ ያታልላል፤ ትኩሱ ለስላሳ ይመስላል፣ ሲቀዘቅዝ ነው ልኩ የሚታወቀው። ገብሱ፣ ለውዙና ሱፉ ለየብቻ ይቆላሉ፤ ሱፉ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ስለሚደርስ ከሽምብራው ጋር ከገባ አርሮ ቅልቅሉን በሙሉ ያመርረዋል። ለገብሱ፣ ከተገኘ፣ ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ዓይነት ቅርፊቱን በቀላሉ ስለሚለቅ ፍትጊያ ይቀንሳል።

ሁሉም በደንብ እስኪቀዘቅዝ ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ይቆይ፤ ከዚያ ብቻ ይቀላቀልና ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ይግባ። በሙቅነቱ ከተከደነ ያልበዋል፣ በማግስቱም ይለሰልሳል። ለውዝና ሱፍ ዘይታም ስለሆኑ ከሁለት ሳምንት በላይ አታቆዩዋቸው። አሮጌ ዘይት ዘይት መሽተት ሲጀምር ቅልቅሉ አልፎበታል።

ለውዙ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሻጋታ ያለበት፣ አፍ ውስጥ የሚመርር ፍሬ መጣል አለበት። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ መቁላትም አያጠፋውም። ተፈጭቶ የመጣ ለውዝ ምን ዓይነት ፍሬ እንደገባበት ስለማይታይ፣ ከነልጣጩ ያለውን ሙሉ ፍሬ ገዝቶ ራስ መልቀም ይመረጣል።

ጓያን ከሽምብራ ለዩ

ይህን ጉዳይ በአንድ መስመር ማለፍ አይቻልም። ጓያ ርካሽ ነው፣ ድርቅ ይቋቋማል፣ ፕሮቲኑም ብዙ ነው። ነገር ግን ነርቭ የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለው። ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ሰሜን ወሎ ውስጥ ደላንታ ዳውንት ላይ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከድርቅ በኋላ ብዙ ሰው ለዚህ በሽታ ተዳርጓል። በእሸቱና በቆሎ መልክ መብላት የበለጠ አደገኛ ሆኖ ተገኝቷል። በብዙ ውኃ መዘፍዘፍና የተቀቀለበትን ውኃ መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

አለያየቱ ቀላል ነው። ሽምብራ ድቡልቡል ሆኖ ጫፉ ላይ እንደ ወፍ አፍ የወጣ ነገር አለው። ጓያ ጠፍጣፋና ማዕዘናማ ነው፤ በመጥረቢያ የተጠረበ ይመስላል። የተቀላቀለ ቆሎ ስትገዙ ማዕዘናማ ፍሬ ካያችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ካላጠገባችሁ አትግዙ።

ንፍሮና አሹቅ

ንፍሮ ውኃ ስላለው ከቆሎ ይልቅ ሆድ ይሞላል፣ ለጥርስም ይመቻል። 150 ግራም የተቀቀለ ሽምብራ ወይም ባቄላ ከ11 እስከ 13 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ይህ ሁለት የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል እንደመብላት ነው።

ማታ ዘፍዝፉ፣ ጠዋት የዘፈዘፈውን ውኃ ድፉ፣ በአዲስ ውኃ ቀቅሉ። ጨው መጨረሻ ላይ ይግባ። ደሴ ላይ ኮምቦልቻ ካለ ዘመድ የተሰማውን የማብሰያ ሰዓት መከተል አያዋጣም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውኃ 91 ወይም 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ 94 አካባቢ ላይ ታፈላለች። ልዩነቱ ጥቂት ቢመስልም ለጥራጥሬ ብዙ ነው፤ እሳቱን ማብዛት ውኃውን ያተናል እንጂ ከዚያ በላይ አያሞቀውም። የግፊት ድስት (ፕሬዠር) ያለው ሰው ይህን ችግር ይገላገላል፤ የተዘፈዘፈ ሽምብራ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ቦሎቄ የምትቀላቅሉ ከሆነ ሳይበስል የቀረው ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላልና፣ ከዘፈዘፋችሁ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ በደንብ እየተንተከተከ ይፍላ፤ ከዚያም እስኪለሰልስ ይቀጥል።

ንፍሮ የሚበላሸው እርጥቡን ሲታሸግ ነው። አጥልሉት፣ ሰፌድ ላይ አናፍሱት፣ ላዩ ሲደርቅ ክደኑት። በኮምቦልቻ ሙቀት ለጠዋቱ 4 ሰዓት መክሰስ ይሁን እንጂ እስከ ከሰዓት በኋላው 10 ሰዓት አታቆዩት። ሲነካ የሚያድጥ ወይም ክር የሚያወጣ ከሆነ አልፎበታል።

አሹቅ የሚወድ ሰው ባቄላውን አንድ ሌሊት ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ፣ በመካከለኛ እሳት ሽፋኑ እስኪሰነጠቅ ይቁላው። ቅርፊቱ ለሆድ ከበድ ስለሚል ጀማሪ በትንሹ ይጀምር። ባቄላ በልቶ ሽንቱ የሚጠቁር ወይም ዓይኑ ቢጫ የሚሆን ሰው ግን ወዲያው አቁሞ ሐኪም ማየት አለበት፤ በዘር የሚወረስ፣ ባቄላ የሚከለክል የደም ችግር አለ።

እንቁላል

የሐበሻ ዶሮ እንቁላል 40 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ 5 ግራም ፕሮቲን አለው። የፈረንጁ 55 ግራም ያህል ሆኖ ከ6 እስከ 7 ግራም ይይዛል። ስለዚህ «ሁለት እንቁላል» ሲባል የየትኛው እንደሆነ ማወቅ ዋጋ ስናወዳድርም ይጠቅማል።

ለመቀቀል ውኃው ሲፈላ በማንኪያ ቀስ ብላችሁ አስገቡት። ደሴ ላይ 13 ወይም 14 ደቂቃ፣ ኮምቦልቻ ላይ 11 ወይም 12 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ሲወጣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይግባ። አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ከታየ ብዙ ተቀቅሏል ማለት ነው፤ አይጎዳም፣ ግን ሽታው ይከብዳል፣ ይህም ብዙ ሰው በሚቀመጥበት ቢሮ አይመችም። ዛሬ የተጣለ እንቁላል ቅርፊቱ ከነጩ ጋር ተጣብቆ ይወጣል፤ ሳምንት ያህል የቆየ በቀላሉ ይላጣል።

ከነቅርፊቱ ያዙት፣ ልትበሉ ስትሉ ላጡት። ጨውና ሚጥሚጣውን በትንሽ ወረቀት ጠቅልሎ ለብቻ መያዝ ይሻላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቦታ ለጠዋቱ መክሰስ ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ቆሎውን ብሉ። ማቀዝቀዣ ካለ ከነቅርፊቱ አንድ ሳምንት ይቆያል።

አይብ፣ እርጎ፣ ቋንጣ

አይብ በ100 ግራም 14 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ቅባቱም ትንሽ ነው። ጥሩው ይፈረፈራል፣ ውኃ አያንጠባጥብም፣ ሽታው ንጹሕ ኮምጣጣ ነው። የሚያድጥ ወይም ቢጫ ያለበት መጣል አለበት። በገዙበት ቀን መብላት፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ደግሞ ለሥራ ቦታ አለመያዝ ነው። ከዳቦና ከቃሪያ ጋር ሲሆን ጥሩ መክሰስ ይወጣዋል።

እርጎ የሚሠራ ሰው ወተቱን ያፍላው። ካልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስና ሳንባ ነቀርሳን ጨምሮ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች ይመጣሉ፤ መርጋቱ አይገድላቸውም። አንድ ሊትር የፈላ ወተት ጣት ሲያስገቡ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ ይጨመርበትና ይከደን። ኮምቦልቻ ላይ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ቆይቶ ይረጋል። ደሴ ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ ዕቃውን በጋቢ ጠቅልላችሁ ሙቅ ምድጃ አጠገብ አሳድሩት። አንድ ብርጭቆ (200 ሚሊ ሊትር) ከ6 እስከ 7 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል።

ቋንጣ በትንሽ መጠን ብዙ ፕሮቲን የያዘ ነው፤ 30 ግራም ደረቅ ቋንጣ 15 ግራም ያህል ይኖረዋል። እንደ እርሳስ ቀጠን አድርጎ መቁረጥ ያስፈልጋል፣ ወፍራሙ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይከረፋል። የደሴ ክረምት ጉም ያለበት በመሆኑ በሐምሌና በነሐሴ መስቀል አይሆንም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ አየር ተመራጭ ነው። ጨዉ ብዙ ስለሆነ የደም ግፊት ያለበት ሰው አያዘውትረው።

ከሱቅ የሚገዛ

ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በአንድ መያዣ ከ5 ግራም በታች ፕሮቲን ያለው ብስኩት፣ ፊቱ ላይ ምንም ቢጻፍበት፣ ጣፋጭ ምግብ ነው። አምራቾች «በ100 ግራም» ብለው ስለሚጽፉ፣ ፓኮው 40 ግራም ከሆነ ቁጥሩን በዚያ ልክ ቀንሱ። የቱና ቆርቆሮ ዘይቱ ተጠልሎ 100 ግራም ሲበላ 25 ግራም ያህል ይሰጣል፤ ውድ ቢሆንም ለሁለት ሰው ይበቃል። የለውዝ ቅቤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ 7 ግራም ነው፤ ስኳር ያልተጨመረበትን ፈልጉ። ሻይ ቤት ማኪያቶ ከመጠጣት አንድ ሙሉ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ማዘዝ ይሻላል፤ ማኪያቶው ያለው ወተት ጥቂት ነው።

እንደ ሥራው

ማሽን ላይ ቆሞ ለሚውል የፋብሪካ ሠራተኛ እረፍቱ አጭር ነው፤ እጅ ሳይታጠብ የሚላጥ እንቁላል ወይም የሚያዝ አይብ አይሆነውም። ቆሎ በክዳን ዕቃ፣ ከማንኪያ ጋር፣ ይስማማዋል። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ለሚመላለስ ሾፌር እየነዳ ቆሎ መቃም አደገኛ ነው፤ ተሳፋሪ እስኪሞላ ባለው ጊዜ ንፍሮውን ይጨርስ። አስተማሪ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ያለው እረፍት ለእንቁላልና ለአንድ እፍኝ ቆሎ ይበቃዋል።

ለሥራ ባልደረቦች የሚቀርብ የጋራ የቡና ቁርስ ከሆነ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ላይ በሚቀመጥበት ወሎ ሥጋና ቋንጣ ሁሉን አያካትትም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ አይብም እንቁላልም ለጾመኛ አይሆንም። የጥራጥሬ ቆሎ ማንንም ሳያገል የሚቀርብ ነው። ቡናና ሻይ ግን ከጥራጥሬው የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደናቅፋሉ፤ በተለይ ደም ማነስ ያለባት ሴት ቆሎውን በልታ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ቡናውን ብትጠጣ ይሻላታል።

በጾም ቀን

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከእንስሳት የሚገኝ ፕሮቲን ስለሌለ ጥራጥሬውን በእጥፍ ማሰብ ያስፈልጋል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ባዶ ሆድ ላይ ደረቅ ቆሎ ሲቅም ሆዱን ይነፋዋል። መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ ንፍሮ ወይም ስልጆ በእንጀራ፣ ቆሎው ቆየት ብሎ ይከተል።

በረመዳን የሥራ ቀን መክሰስ ስለሌለ ሁሉም ወደ ሱሁር ይሄዳል። እንቁላል፣ እርጎና ጨው ያልበዛበት ንፍሮ ቶሎ ስለማይፈጩ ያቆያሉ። ጨዋማ ቆሎና ቋንጣ ግን ለሱሁር አይሆኑም፤ ቀኑን ሙሉ ውኃ ያስጠማሉ፣ ከኢፍጣር በኋላ ወዳለው ጊዜ ይተላለፉ።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የፕሮቲን መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አያብዛ። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ገብሱን ከ150 ወደ 75 ግራም ቀንሶ፣ በምትኩ ባቄላ ወይም ሽምብራ ይጨምር፤ መያዣው ያው 50 ግራም ይሁን።